ከሸማኔው በፊት
ስለ ፈትልና ስለ ፈታዮች የቀረበ ዲስኩር



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ነጠላ ለብሰናል፤ ጋቢ የደረበም አያለሁ። የቀሚሷን ጥለት የሠራውን ሸማኔ የምታውቅ አትጠፋም። የዲዛይነሯንም ስም ብጠይቅ ወዲያው ይነገረኛል። ማጉን ማን እንደፈተለው ብጠይቅ ግን መልስ የማገኝ አይመስለኝም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህች ስሟ ስላልተጠራ ሴት ነው። የምሟገተውም ስለ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የሥራዋ ዋጋ ነው።

ጥጡ ከሁመራም ይምጣ ከመተማ፣ ከአዋሽም ይምጣ ከአርባ ምንጭ፣ እንዝርት ላይ እስኪደርስ ብዙ ድካም አለበት። መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ዝርግ ድንጋይ ላይ ሆኖ በብረት መዳመጫ እየተጫኑት ፍሬው እየፈለቀ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ጅማቱ በነዘረ ቁጥር የተጨማደደው ጥጥ እየተፍታታ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በአመልማሎ በአመልማሎ ይጠቀለላል። መፍተል የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ማግ መፍተል፣ ጋቢውን ከመሸመን እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ብዙ ሴቶች ከኋላው ሆነው መፍተል አለባቸው።

እስቲ የፈታይዋን እጅ ቀረብ ብለን እንየው። አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን ታሾራለች። ጥጡን ሳብ ስታደርገው ከመጀመሪያው እኩል ሆኖ አይወጣም፤ እዚህ ይቀጥናል፣ እዚያ ያብጣል። እንዝርቱ የሚሰጠው ክረት ቀድሞ የሚገባው ወደ ቀጭኑ ቦታ ነው። እዚያ ጥጡ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል። ወፍራሙ ቦታ ገና ላላ ያለ ስለሆነ እንደገና ሲሳብ የሚለጠጠው እርሱ ብቻ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ክሩ እየተስተካከለ ይሄዳል። ጥቂት ቀድማ ከሳበች ይበጠስባታል። ጥቂት ከዘገየች ክረቱ ወፍራሙም ውስጥ ይገባና ጉጥ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት የሚያውቁት ጣቶቿ ናቸው። ፈታይዋ ይህን ሁሉ የምታደርገው ከጎረቤቷ ጋር እየተጨዋወተች፣ የጀበናውን መንተክተክ እያዳመጠች፣ ልጅ እየተቆጣች ነው። ሥራው ቀላል የሚመስለን እርሷ ስላቀለለችው ነው። በአገራችን አንዲትን ሴት ባለሙያ ነች ለማለት «ቀጭን ፈታይ» የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ይህ ክብር ሥር የሰደደ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነበር፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችንም እንዝርት አስይዘው ሥለዋታል። ከዚያ ከፍ ያለ ምስጋና ለየትኛው የእጅ ሥራ እንደተሰጠ እኔ አላውቅም። ይሁንና ሥዕሉን ተሳልመን ስንወጣ በራፉ ላይ ልቃቂት ይዛ ከተቀመጠችው እናት ጋር በሳንቲም እንከራከራለን። ይህ ያሳዝነኛል።

በሌላው ዓለም እንዝርትን በመንኮራኩር ማዞር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ትልቁ መንኮራኩር በገመድ ከእንዝርቱ ጋር ይያያዛል፤ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር እንዝርቱ ደጋግሞ ይሾራል። ዘዴው ከእስያ ተነሥቶ አውሮፓ የገባው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም የጀርመኗ የሽፓየር ከተማ የጨርቅ ሠሪዎች ማኅበር አንድ ደንብ አወጣ። በመንኮራኩር የተፈተለ ክር ለማግ ይፈቀዳል፣ ለድር ግን አይፈቀድም የሚል ነበር። ድር በሸማኔው እጅ የሚወጠርና የሚጎተት ነውና በአዲሱ መሣሪያ ክር አላመኑም። የእኛ አገር ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ የፋብሪካው ክር ጠንካራና እኩል ነው፣ ጊዜም ይቆጥብለታል። የእጅ ፈትል የቀረው ለማጉ ነው። ጋቢ ለስልሶ ገላ ላይ የሚያርፈው፣ ከታጠበም በኋላ የሚሞቀው፣ በዚህ ላላ ብሎ በተፈተለ ማግ ምክንያት ነው።

ፈታይ አነሰ፣ ሸማኔ ፈጠነ የሚለው ችግር ዓለምን የለወጠ ችግር ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. በገመድ የሚፈናጠር መወርወሪያ ሠራ። ሸማኔው ሲፈጥን የሚፈተለው ክር አልደርስ አለው። በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ መንኮራኩር ብዙ እንዝርት የሚያሾር መሣሪያ ያበጀው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የማንችስተርና የላንክሻየር ጨርቅ ባሕር ተሻግሮ የሕንድን ፈታዮች ሥራ አስፈታቸው።

ሕንድን በስፋት ላነሣ እወዳለሁ፣ ለእኛ ብዙ ትምህርት ያለው እዚያ ነውና። ማሕተመ ጋንዲ በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ አገራቸው ነፃነት በጻፉት መጽሐፍ የፈትል መንኮራኩርን አወድሰው ነበር። ሆኖም ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው እንደተናገሩት፣ በዚያን ጊዜ መንኮራኩሩን በዓይናቸው ስለማየታቸው እንኳ ትዝ አይላቸውም። ኋላ ጋንጋቤን ማጅሙዳር የተባሉ ሴት ብዙ ፈልገው በባሮዳ ግዛት፣ ቪጃፑር በምትባል ቦታ አገኙላቸው። የቪጃፑር ሰዎች መንኮራኩሮቻቸውን ቆጥ ላይ ሰቅለው ረስተዋቸው ኖረዋል። እንደገና ለመፍተል የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የተነደፈ ጥጥ ሳይቋረጥ የሚያቀርብላቸውና የፈተሉትን ክር የሚገዛላቸው ሰው። ስብከትም ሥልጠናም አልጠየቁም። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእኛ እናቶች የሚሉት ትዝ ይለኛል፤ እነርሱም ይህንኑ ነው የሚሉት።

በ1925 እ.ኤ.አ. የመላ ሕንድ ፈታዮች ማኅበር ተቋቋመ። መንኮራኩሩ የነፃነት ትግሉ ሰንደቅ ዓላማ ላይ እስከ መሣል ደረሰ። ሆኖም ፈታይዋ በቀን ሠርታ የምታገኘው እጅግ ጥቂት ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ጋንዲ ይህን ጉዳይ አንሥተው ተከራከሩ፤ ማኅበሩም ለስምንት ሰዓት ሥራ ለምግብና ለልብስ የሚበቃ ዝቅተኛ ክፍያ እንዲኖር ወሰነ። ጨርቁ ይወደዳል፣ ገዢ ይሸሻል የሚል ተቃውሞ ነበር። ቢሆንም ውሳኔው ጸና። በእኔ አስተያየት የዚያ እንቅስቃሴ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ከሰንደቅ ዓላማው ይበልጥብኛል።

ታዲያ መንኮራኩሩን ለእኛም እናምጣው ወይ? ለሚፈልጉት ይምጣ። በተለይ አንድ ቦታ ተሰብስበው ለሚፈትሉ ሴቶች ጉልበትና ጊዜ ይቆጥባል። ግን ምርጫው በጥንቃቄ ይሁን። በአውሮፓ የተለመደው በእግር የሚረገጥ መንኮራኩር ለበግ ጠጉር የተመቸ ነው፤ ክሩን ወደ ራሱ ስለሚስብ አጭሩን ጥጥ ይበጥሰዋል። ለጥጥ የሚሆነው እንዝርቱ ራቁቱን የሚሾርበት የሕንዱ ዓይነት ነው። እንዝርትንም ኋላ ቀር እያላችሁ አትናቁብኝ። እንዝርት ጎረቤት ይሄዳል፣ ገበያ ይወርዳል፤ ቦታ አይፈልግም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም። እንዝርት እስከ ዛሬ የቆየው ከሴቶቻችን የቀን ውሎ ጋር ስለሚስማማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ቀጭን ክር ከወፍራም ክር ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲመዘን ግን ይቀልላል። እንግዲህ ልቃቂት በክብደት ከተገዛ፣ በጣም የተጠበበችው ሴት በጣም ትጎዳለች ማለት ነው። አንድ ኪሎ ቀጭን ፈትል ለመሙላት ከጎረቤቷ እጥፍ ደክማ እኩል ታገኛለች። ብልህ ከሆነች ማወፈር ትጀምራለች። የዛሬ ልጃገረዶች ሙያ አያውቁም እያልን የምናማርር ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሒሳብ እንሥራው። ከውጭ በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው የሐበሻ ቀሚስ መሰል ጨርቅ ገበያውን ሲያጣብበው ደግሞ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ፈታይዋ ናት። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን «የእጅ ሥራ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚነገራቸው ስለ ጥለቱ ነው፤ ስለ ማጉ የሚነግራቸው የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ክሩ በማጠንጠኛ ላይ በተወሰነ ዙር ይጠንጠን፤ ርዝመቱ ይታወቃል። ከዚያ ይመዘን። አንድ ዓይነት ርዝመት ኖሮት የቀለለው ክር ቀጭኑ ነው፤ ዋጋው በርዝመትና በቅጥነት ይቆረጥ። ጉጡና መገጣጠሚያው የበዛ ከሆነ ይቀነስበት፣ ጥራቱ የላቀ ከሆነ ይጨመርለት። የሚያስፈልገው አንድ ማጠንጠኛና አንድ ትንሽ ሚዛን ነው።

ከሽሮ ሜዳና ከሌላም አካባቢ የመጣችሁ የሸማኔ ማኅበራት ተወካዮች ዛሬ እዚህ ተገኝታችኋል፤ ዲዛይነሮችም አላችሁ። ለሸማኔዎቹ የማቀርበው ጥያቄ፣ በሚቀጥለው ግዢያችሁ ልቃቂቱን በዚህ ዘዴ ለክታችሁ እንድትገዙና ለፈታዮቹ የተነደፈ ባዘቶ ሳይቋረጥ የሚቀርብበትን መንገድ እንድታበጁ ነው። ዲዛይነሮቹን ደግሞ የምለምነው፣ ቀሚሱ ላይ በምትሰፉት ምልክት ከስማችሁ ሥር ለፈታይዋ ስም አንድ መስመር እንድትተዉ ነው።