ሁለተኛው መጽሐፍ ሲመዘን

አንድ መርማሪ በመጀመሪያው መጽሐፍ ልባችንን ከሰቀለው በኋላ ሁለተኛውን የምንከፍተው በጉጉትም በስጋትም ነው። ዛሬ የምናወጋው ስለ ሸርሎክ ሆምስ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ስለ «የአራቱ ምልክት» ነው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል ሆምስን ያስተዋወቀን እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። የዚያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሙሉ መብት የሸጠው በ25 ፓውንድ ነው። በነሐሴ 1889 አንድ የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጅ ዶይልንና ኦስካር ዋይልድን ለንደን ውስጥ ላንግሃም ሆቴል እራት ጋበዛቸው። ከዚያ ማዕድ ዋይልድ «የዶሪያን ግሬይ ምስል»ን፣ ዶይል ደግሞ በ1890 የወጣውን ይህን ሁለተኛ መጽሐፍ አበረከቱ።

አንባቢዎች በዚህ መጽሐፍ አይስማሙም። አንዳንዶች እንቆቅልሹ ቶሎ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይ ያለው የወንጀለኛው የጆናታን ስሞል ረጅም ኑዛዜም ታሪኩን ያንቀራፍፈዋል ይላሉ። ሌሎች በቴምዝ ወንዝ ላይ ያለው የጀልባ ማሳደድ ትንፋሽ ያሳጥራል ባዮች ናቸው። ታሪኩን የሚተርከው የሆምስ ጓደኛ የዶክተር ዋትሰን ቁስል በመጀመሪያው መጽሐፍ ትከሻው ላይ ሆኖ እዚህ እግሩ ላይ መገኘቱን እየጠቀሱ የሚከራከሩም አሉ።

እኔን የሚይዘኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ዋትሰን ጓደኛውን ሊፈትን የኪስ ሰዓቱን ይሰጠዋል። ሆምስ በሰዓቱ ውስጠኛ ክዳን ላይ ዕቃ በመያዣ ይዘው የሚያበድሩ ሰዎች የጫሩትን ቁጥር ያያል፤ በመሙያው ቀዳዳ ዙሪያም የሰካራም እጅ ያሳረፈውን ጭረት ያስተውላል። ከዚያ ተነስቶ ባለቤቱ የዋትሰን ታላቅ ወንድም እንደነበር፣ ሀብቱን እንዳባከነ፣ በመጠጥ እንደወደቀና እንደሞተ አንድ በአንድ ይናገራል። ዋትሰን ከመቀመጫው ይነሳል፤ ልቡ ተነክቷል። ሆምስም ይቅርታ ይጠይቃል።

አያችሁ? በመጀመሪያው መጽሐፍ ያስደነቀን ችሎታ በሁለተኛው ወዳጅን አቆሰለ። መጽሐፉ ሲከፈትም ሆምስን የምናገኘው ሥራ ሲጠፋ ኮኬይን በመርፌ ሲወጋ ነው። ዋትሰን እንደ ሐኪምም እንደ ወዳጅም ይገሥጸዋል። ብዙ አንባቢ በዚህ ይከፋል፤ መከፋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ አእምሮ ባለቤቱን ምን እንደሚያስከፍለው ያወቅነው እዚህ ነው።

አጥብቄ የምቃወመው ነገርም አለ። የስሞል ተባባሪ የሆነው፣ ቶንጋ የተባለው የአንዳማን ደሴቶች ሰው እንደ አውሬ ተስሏል። ግምትን የሚጸየፈው ሆምስ ስለ አንድ ሕዝብ በመዝገብ የተጻፈውን ስም ማጥፋት ሳይመረምር አንብቦ ያልፋል። ስለ አፍሪካም እንዲህ ያለ ብዙ ተጽፏልና ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አንባቢ ይህን ጉድለት በስሙ ሲጠራው መጽሐፉን በሚገባ አነበበው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ሁሉም ሲያሳድዱት የነበረው የሀብት ሣጥን ሲከፈት ነው። ከሕንድ አግራ የመጣው ያ ሁሉ ዕንቁ የለም፤ ስሞል ወንዝ ውስጥ በትኖታል። ዋትሰን ግን ደስ ይለዋል፤ የሆምስን እርዳታ የጠየቀችውና እሱ የወደዳት ሜሪ ሞርስታን ባለጸጋ ብትሆን ኖሮ ለጋብቻ ሊጠይቃት አይደፍርም ነበርና። ወንጀሉ የተፈጸመበት ሀብት ጠፍቶ ፍቅር ተረፈ።

ሆምስ በሰፊው ዝነኛ የሆነው ግን በ1891 በስትራንድ መጽሔት አጫጭር ታሪኮቹ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። ለእነዚያ ታሪኮች መሠረቱን የጣለው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ሁለተኛ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ የምትወዱት መርማሪ ሁለተኛ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ ወንጀለኛውን ቀድሜ አወቅሁት ወይስ አላወቅሁትም በሚል ብቻ አትመዝኑት። መርማሪው እንደ ሰው ጠለቀ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እንቆቅልሹ አንዴ ከተፈታ ተፈታ ነው፤ መጽሐፉን ደግመን እንድናነብ የሚያደርገን ሰውዬው ነው። መልካም ንባብ።