ሣቅ በሕያዋን ሙታን መካከል፦ «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» እና የመንጋ ፍርሃት



የዛሬው ርእሳችን ቀልድ ይመስላል። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ሲበሉ እያየን ስለምንሥቅበት፣ ኤድጋር ራይት እ.ኤ.አ. በ2004 ስላዘጋጀው «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» የተሰኘ የእንግሊዝ ፊልም ነው።

ዞምቢ ከሄይቲ የተወረሰ እሳቤ ነው። ፈቃዱን ተነጥቆ ለጌታ የሚሠራ በድን ማለት ሲሆን፣ ምሁራን ከባርነት ትዝታ ጋር ያያይዙታል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ግን ጌታ የሌለው መንጋ አደረገው። በዚያ ፊልም ሌሊቱን ከሙታን ተርፎ ያደረው ጥቁሩ ሰው ቤን፣ ሲነጋ በመጡ የታጠቁ ሰዎች ከሙታን እንደ አንዱ ተቆጥሮ በጥይት ይገደላል። ማን እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ራይት ለሮሜሮ ያለውን አክብሮት በስሞች ይገልጻል። ሾን የሚሠራበት መደብር በ1978ቱ «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» በተወነው በኬን ፎሪ ስም ተሰይሟል፤ እናቱም እንደ 1968ቱ ፊልም ገጸ ባሕርይ ባርባራ ትባላለች። ሮሜሮም በ2005 ፊልሙ ራይትንና የሾንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተውን ሳይመን ፔግን ዞምቢ አድርጎ አሠራቸው።

ዋናው አክብሮት ግን ፍርሃቱን ማቃለል አለመሞከሩ ነው። ሾን ማለዳ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ የሰፈሩ ሰዎች መለወጣቸውን አያስተውልም፤ ቀድሞም ልብ ብሎ አይቷቸው አያውቅምና። ኋላም በመንጋው መካከል ለማለፍ ከጓደኞቹ ጋር እያቃሰተና እየተንገዳገደ መንጋውን ይመስላል። እዚህ ድረስ እንሥቃለን። እናቱ ተነክሳ፣ ሞታ፣ ዳግም ስትነሣና በገዛ እጁ መተኮስ ግድ ሲሆንበት ግን ሣቃችን ይቋረጣል። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ያገራችን ብሂል የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

«የመንጋ ፍርድ» የሚለው ሐረግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞና ከሌላ አካባቢ የመጣው ወገን አብረው በሚኖሩበት በዚህ ክልል፣ ሰው በመልኩና በቋንቋው ብቻ ተፈርጆ ምን እንደሚደርስበት በዕድሜ የገፋን እናውቃለን። ፊልሙን ስታዩ ሾን ያላያቸውን ጎረቤቶቹን ልብ በሉ፤ የቤንንም አሟሟት አስታውሱ። ጎረቤቱን በስሙ የሚያውቅ ሰው ለመተኮስ አይቸኩልም።