«ፕሮቴክት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው አንድ ግሥ ነው፤ «ፕሮቴክት» ይባላል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርታችንን የምንከታተለው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ቃሉን የማያውቅ በመካከላችን አይኖርም። ነገር ግን በፈተና ወረቀት ላይ ስንጽፈው ያላሰብነውን ይናገርብናል።

ችግሩ የሚመጣው ከአማርኛችን ስፋት ነው። «ተከላከለ» የሚለውን ግሥ እንመልከት። ሰው ራሱን ከወባ ይከላከላል፤ ወባንም ይከላከላል። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። በሽታውን እንዳይደርስ ማገድ «ፕሪቬንት» ነው፤ ሰውየውን ከበሽታው መጋረድ «ፕሮቴክት» ነው። ስለዚህ አንድ የጤና ተማሪ «መንደሩ ወባን ፕሮቴክት ማድረግ አለበት» ብሎ ቢጽፍ፥ መንደሩ ወባን ክፉ እንዳያገኛት ይንከባከባት ማለቱ ነው። ትንኟ ማንበብ ብትችል ደስ ይላት ነበር።

«ጠበቀ»ም እንደዚሁ ያሳስታል። ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ተማሪ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ባልንጀራ ምሥጢር ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ለመጀመሪያው «ጋርድ»፥ ለሁለተኛው «ዌይት»፥ ለሦስተኛው «ኪፕ» ይላል። (ገመዱ ይጠብቃል የምንለውን እተወዋለሁ፤ እሱ «ብ» ላልታ የምትነበብበት ሌላ ግሥ ነው።) «ዲፌንድ» ደግሞ ጥቃት፥ ክስ ወይም ተቃውሞ ሲመጣ መመለስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት «ዲፌንድ» የሚደረገውም ስለዚህ ነው።

ታዲያ የ«ፕሮቴክት» የራሱ ትርጉም ምንድን ነው? ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ «ፕሮ» ከፊት፥ «ቴጌሬ» መሸፈን ማለት ነው። «ዲቴክት» የሚለውም ከዚሁ ሥር ወጥቶ ሽፋኑን መግለጥ ማለት ሆነ፤ መርማሪው «ዲቴክቲቭ» የተባለው በዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ከአማርኛ ግሦች ለ«ፕሮቴክት» ጥንተ ነገር የሚቀርበው «መከተ» ነው፤ ጋሻን ከፊት አድርጎ መቆም።

ጋሻ ደግሞ የሚዞርበት አቅጣጫ አለው። ስለዚህ ግሡ «ፍሮም» ወይም «አጌንስት» የሚል መስተዋድድ አስከትሎ፥ ከምን ወይም ከማን የሚለውን ይገልጻል። «ፍሮም» የተለመደው ነው፤ «አጌንስት» ብዙ ጊዜ ወደፊት ለሚመጣ አደጋ መዘጋጀትን ያመለክታል፥ ለምሳሌ ሕፃን ኩፍኝ እንዳይዘው ሲከተብ። ሰዋስው ግን ይህን ክፍል መተውን ይፈቅዳል። ተንኮሉም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ግሥ «ፕሮቴክቶሬት» የሚል ስም ወጣ። እንግሊዝ ዩጋንዳን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 በዚህ ስም ያዘች፤ ዩጋንዳ ነፃ የወጣችው በ1962 ነው። ከማን ስትጠበቅ እንደ ኖረች ስሙ አይናገርም።

ስሙ ለእኛም ታስቦልን ነበር። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ አማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ባላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይችላሉ» የሚል ነበር። የኢጣሊያንኛው ግን በዚሁ መንገድ ሊሠሩ ተስማምተዋል ይላል። ልብ በሉ፤ በአንቀጹ ውስጥ መጠበቅ የሚል ቃል ጨርሶ የለም። ኢጣሊያ ግን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ለመንግሥታት አስታወቀች፤ ኢትዮጵያም በጥበቃዋ ሥር ናት አለች። ከማን ልትጠብቀን? በ1881 ክረምት አሥመራን የያዘው የራሷ ጦር ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ። በየካቲት 1888 ዐድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ሻረ።

የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል። «ሼልተር»ንና «ሺልድ»ን አልነካኋቸውም፤ ጥያቄ ያለው ካለ አሁን እንነጋገርባቸዋለን።