ልቡ ለተሰበረ የሩቅ ጓደኛ እንዴት እንድረስለት?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ከአባሎቻችን ልጆች አንዷ ለጽሕፈት ቤታችን አንድ ጥያቄ አቅርባ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዋ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። እዚህ ያጫት ልጅ ለጎጆ መውጫ ብላ የላከችውን ገንዘብ ከጨረሰ በኋላ ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስልክ አታነሳም፤ ብታነሳም ትንሽ አልቅሳ ትዘጋለች። «እኔ እዚህ ሆኜ ምን ላድርግላት?» ነው ጥያቄው። ፈቃዷን ጠይቀን፣ ስም ሳንጠራ፣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን አምጥተነዋል። ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን እናውቃለን። ድንኳን እንተክላለን፤ ሐዘንተኛውን ብቻውን አንተወውም። እጮኛ ለከዳው ሰው ግን ድንኳን አይተከልም። እንዲያውም «ለዚህም ይለቀሳል እንዴ?» እንላለን። በሰው አገር ያለችው ልጅ ቀን ስትሠራ ውላ ማታ ጓዳዋ ገብታ ብቻዋን ታለቅሳለች። ታዲያ ከሩቅ ሆነን አጠገቧ መቀመጥ የምንችለው በስልክ ነው። በጤና ሥራ ላይ ያሉ አባሎቻችንን ጠይቀን ያገኘነው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሐዘንና በሽታን እንለይ። ለተሰበረ ልብ ማልቀስ ያለ ነው፤ ቀን በቀን እየቀለለ ይሄዳል። ነገር ግን የልብ መከፋቱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልተበላ፣ ጉልበት ከራቀ፣ «እኔ ዋጋ የለኝም» ማለት ከመጣ፣ ይህ የድብርት በሽታ ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው፤ በምክርም በመድኃኒትም ይድናል። እኛ ሰፈር «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ለስድብ የምንጠቀምበት ነገር መቅረት አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

ሁለተኛ፤ ምክር እናሳጥር፤ ጆሮ እንስጥ። «ወንድ ሞልቶ!»፣ «ነግሬሽ ነበር እኮ»፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ» የሚሉት ቃሎች ሰውየውን ዝም ያሰኙታል እንጂ አያጽናኑትም። «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» ማለት ይበቃል። ስለዚያ ልጅና ስለ ሠርጉ ወሬ አናቀብል፤ ፎቶግራፍም አንላክ።

ሦስተኛ፤ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት አውርቶ ወር ከመጥፋት፣ በየሁለት ቀኑ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ቤሩት በእነሱ ክረምት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በበጋቸው እኩል ነው። ሥራ የምትጨርስበትን ሰዓት ጠይቀን እንደውል። ካላነሳች አንቆጣ፤ «መልስ ባትሰጪም ግድ የለም፣ ዛሬም አስቤሻለሁ» ብለን ድምፅ እንላክላት። በልተሽ አደርሽ? ተኝተሻል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ ሁለት ሦስት ጓደኞች ተራ ይግቡ።

አራተኛ፤ ይህ ለወላጆች ነው፤ እንዳትቀየሙን። ልጅቱ በታመመችበት ወራት «ለኪራይ ላኪ፣ ለበዓል ላኪ» ማለቱን ቢቻል እንተው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ገንዘብ የሚጠየቅ ሰው ስልክ ባያነሳ ምን ይገርማል?

አምስተኛ፤ አጠገቧ ያለ አንድ ሰው እንፈልግ። በሊባኖስ «ካፋላ» በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ እንደ ልቧ ወጥታ ሐኪም ቤት ለመሄድ ሊያስቸግራት ይችላል። ስለዚህ እሷን ፈቃድ ጠይቀን፣ እዚያው ያለች የአገር ልጅ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሆነ በመስጊድ የሚያውቋት ሰዎች ሄደው እንዲያይዋት እናድርግ።

ስድስተኛ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ሰልችቶኛል»፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለች፣ ሳንፈራ በግልጽ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብለን እንጠይቃት። ብዙዎቻችን መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣባታል ብለን እንፈራለን። አያመጣባትም፤ የሚጠይቃት ሰው ማግኘቷ ያሳርፋታል። «አዎ» ካለች ስልኩን አንዝጋ። አብራት የምትሆን ሰው ወዲያው ይጠራላት። በሊባኖስ ለእንዲህ ያለው ጭንቀት የሚደወልበት ቁጥር 1564 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 140 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ከዚያው ከሊባኖስ ሲደወል ስለሆነ ለእሷም ለጓደኞቿም አስቀድመን እንላክላቸው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ 988ን ይያዝ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል።

ምስጢርን በተመለከተ፤ የነገረችንን ቡና ላይ አናውራ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ሲሆን ግን ምስጢር ብሎ ዝም ማለት የለም፤ ሊደርስላት ለሚችል ሰው ይነገራል።

በመጨረሻም፣ የስልክ ካርድ መወደዱንና በየቤቱ ጸጥ ያለ ቦታ አለመኖሩን እናውቃለን። ስለዚህ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ትንሿ ክፍል ዘወትር እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሩቅ አገር ላለ ወዳጅ መደወል ለሚፈልግ ክፍት እንድትሆን ኮሚቴው ወስኗል። በር ዘግታችሁ ታወራላችሁ፤ የሚጠይቃችሁ የለም። ጥያቄ ያቀረበችልን ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተራ ገብታ ከሚመጣው እሑድ ትጀምራለች። ወንበር ጎድሎናልና ትርፍ ያላችሁ አምጡልን።



የማኅበሩ ጸሐፊ