ስድስት ፍሬ ቡና በሦስት ሲኒ



እዚህ ነቀምቴ ላይ ስለ ዕድል ስሌት ለመነጋገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሲኒ ደርድሬያለሁ። አንዱን ነቀምቴ፣ አንዱን ጊምቢ፣ አንዱን ሻምቡ እንበላቸው፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ያሉባቸው ከተሞች ናቸው። እጄ ላይ ያሉት ስድስት የቡና ፍሬዎች ደግሞ በዕጣ የሚመደቡ አዲስ ተማሪዎች ይሁኑ። አንድም ካምፓስ ባዶ ሳይቀር ሦስቱም ተማሪ የሚደርሳቸው ከመቶ ስንት ጊዜ ነው?

ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ሳይቀር እዚህ ላይ ይሰናከላል። በየሲኒው ስንት ፍሬ እንደገባ ብቻ ይመዘግባል፤ 28 ዓይነት ድልድል ያገኛል። ባዶ ሲኒ የሌለባቸው 10 ናቸው። አሥርን ለ28 አካፍሎ 36 ከመቶ ገደማ ይላል። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም 28ቱ ድልድሎች እኩል ዕድል የላቸውም። ስድስቱም ጊምቢ የሚገቡት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በየከተማው ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡት ግን በ90 መንገድ ነው! ተማሪ ከተማሪ ይለያል። ሻንጣዋን ይዛ ሻምቡ የወረደችው ልጅና ጊምቢ የደረሰው ጓደኛዋ ቦታ ቢለዋወጡ፣ በየሲኒው ያለው ቁጥር ባይነካም ለወላጆቻቸው ነገሩ ሌላ ነው።

እንግዲህ ልጆቹን አንድ በአንድ እንቁጠር። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ከተማ አለ፤ ሦስትን ስድስት ጊዜ ብናባዛ 729 ይመጣል። ነቀምቴ ባዶ የሚቀርባቸው 64 ናቸው፤ ለሦስቱም ከተሞች 192። ይህን ስንቀንስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስድስቱም ጊምቢ ከገቡ ነቀምቴም ሻምቡም ባዶ ስለሆኑ ያንን ሁኔታ ሁለቴ ቀንሰነዋል። እንዲህ ያሉት ሦስት ናቸው፤ መልሰን እንደምራቸው። 540 ይቀራል፤ ለ729 ሲካፈል 74 ከመቶ ገደማ። ከ36 ወደ 74!

የመጀመሪያው አቆጣጠር ግን ከንቱ አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በዳካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሳትየንድራ ናት ቦስ የብርሃን ቅንጣቶችን አንዱን ከሌላው ሳይለይ ቆጥሮ ትኩስ አካል ስለሚያወጣው ብርሃን የሚናገረውን የፕላንክን ሕግ ከዚያ አወጣ። ጽሑፉን ለአይንስታይን ላከለት፤ አይንስታይንም ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት። ብርሃን እንዲያ ይቆጠራል። ቡናና ተማሪ ግን እንዲያ አይቆጠሩም።

ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። ለእያንዳንዷ ፍሬ ዳይስ ጣሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ሲወጣ ነቀምቴ፣ ሦስት ወይም አራት ሲወጣ ጊምቢ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ሻምቡ አስገቧት። ስድስቱን ፍሬ መቶ ጊዜ ደልድሉና ባዶ ሲኒ ስንቴ እንዳገኛችሁ መዝግቡ። 28ቱን ድልድል የቆጠረው ሰው 64 ጊዜ ያህል ይጠብቃል፤ እኔ 26 አካባቢ እጠብቃለሁ።