ለሸካራ መስክና ለግቢ ሣር የሚበረክት የማጨጃ መኪና ስለ መምረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ትራክተርና ስለ ኮምባይነር ብዙ በተነገረበት በዚህ ጉባኤ ስለ ሣር ማጨጃ መኪና ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤቱም፣ የሆስፒታሉም፣ የፋብሪካውም ግቢ ክረምት በመጣ ቁጥር በሣር ይዋጣል፤ የግቢው ኃላፊም ምክር የሚጠይቀው እኛኑ ነው። በምክራችን የሚድነው ወይም የሚባክነው የተቋሙ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰው አካልም ጭምር ነው።

ኤድዊን በዲንግ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ መኪና ሲሠራ ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅ ፊት ከሚላጭ መኪና ነበር። የታሰበውም ልክ እንደ ጨርቅ ለለሰለሰ መስክ ነው። ዛሬም በየመደብሩ ከምናያቸው መቀመጫ ካላቸው ማጨጃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ድንጋይና ጉቶ ለሌለበት ሜዳ ነው። የኛ ግቢ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ በቢሮው በር ላይ ሰርዶ፣ ከጀርባው ሙጃና ሰንበሌጥ።

ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ ትልቅ ተቋም የግዢ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ግቢው ከፊት የተስተካከለ መስክ ሲኖረው፣ ከኋላው ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ጉቶና ኩይሳ የበዛበት ሰፊ ሜዳ ነበረው። በጨረታው መግለጫ ላይ «መቀመጫ ያለው፣ ባለ 20 ፈረስ ጉልበት» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ የጻፍሁት የለም። ዋጋው ዝቅ ያለው አሸነፈ። መኪናው መጥቶ የፊቱን መስክ ምንጣፍ ባስመሰለው ጊዜ ሁላችንም ተደሰትን።

ወደ ኋላው ሜዳ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሙጃ የሸፈነውን ጉቶ መታ። የቢላዋው ዘንግ ጎበጠ፤ ኩሽኔታው ተሰበረ፤ የቢላዋው ክዳን ተሰነጠቀ። ተበየደ፤ ተመልሶ ተሰነጠቀ። ሞተሩም ረጅሙን ሣር አልችል ብሎ እየታፈነ ስላስቸገረ፣ ነጂው የሣር ማስወጫውን መከለያ ፈትቶ አስቀመጠው። አንድ ቀን ቢላዋው ያስፈነጠረው ድንጋይ አጥር ጥግ የቆመውን የጥበቃ ሠራተኛ እግሩን መታው። ሰውየው ታክሞ ወደ ሥራው ቢመለስም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያነክስ ነበር። ሻጩ የጠየቅነውን አቅርቧል፤ ነጂውም የተሰጠውን መኪና ነድቷል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የሆንሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ የፈረስ ጉልበት ቁጥር አያታልለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 20 ተብሎ የተገዛው እዚህ ሲደርስ 15 ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑም ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ያ የታፈነ ሞተር የነገረን ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን አልሰማነውም።

ሁለተኛ፤ ብርታቱን ከወንበሩ በታች እንፈልገው። የቢላዋው ክዳን በቀላሎቹ መኪናዎች ከ2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላሜራ በመጫን የተቀረጸ ነው፤ በጠንካሮቹ ግን እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ ብረት ተቆርጦ የተበየደ ነው። የዘንጉ ቤት ወፍራም መሆኑን፣ ኩሽኔታው ግራሶ መቀበሉን፣ የፊት አክስሉ ከብረት የተሠራና እንደ መሬቱ ወጣ ገባ የሚወዛወዝ መሆኑን በእጃችን ዳስሰን እናረጋግጥ። ሃይድሮስታቲክ የሚባለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ኃይል ማስተላለፊያም ሁሉ አንድ አይደለም። በአንዳንዶቹ ዘይቱና ፊልትሮው በቀላሉ ይለወጣል፤ ሌሎቹ ግን ታሽገው የሚመጡ በመሆናቸው ሲደክሙ ከመጣል በቀር መላ የላቸውም።

ሦስተኛ፤ ተዳፋቱን እንለካ። አብዛኞቹ የአምራቾች መመሪያዎች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃሉ፤ ይህም በ100 ሜትር አግድመት 27 ሜትር ያህል መውጣት ማለት ነው። በተዳፋት ላይ የሚታጨደው ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይደለም። ነጂውን ከመገልበጥ አደጋ የሚጠብቀው የብረት ቅስት ካለ፣ የወንበሩ ቀበቶም አብሮ ይታሰር። የቢላዋ ጫፍ በሴኮንድ ወደ 96 ሜትር ሊደርስ በሚችል ፍጥነት እንደሚሽከረከር ያወቀ ሰው የማስወጫ መከለያ አይፈታም።

አራተኛ፤ ሁለቱን መሬት ለያይተን እናስብ። ለሸካራው ሜዳ የሚሻለው አነስተኛ ትራክተር ከኋላው የሚጎትተው ማጨጃ ነው። የዚህ ቢላዋዎች በማጠፊያ ስለሚያያዙ ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመቱ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ዘንጉም ከስብራት ይድናል። ለግቢው ሣር ቀለል ያለው መኪና ይበቃል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ ለከፋው መሬት የሚሆነውን እንግዛ፤ የፊቱ መስክ ጥቂት ቢሸካከር ማንም አይጎዳም። ብቻ ከባዱን መኪና ሰፊ ጎማ እናልብሰው፤ የኮትቻ አፈር በክረምት ረጥቦ ሳለም አናስገባው፤ ጎማው የረገጠው እስከ በጋ ድረስ እንደ ጡብ ይጠነክራልና።

አምስተኛ፤ ከመኪናው አስቀድመን መለዋወጫውን እንጠይቅ። ቺንጋው፣ ቢላዋው፣ ኩሽኔታውና ፊልትሮው በከተማው ይገኛልን? የኩሽኔታው ቁጥር በየሱቁ ከሚሸጠው ጋር ይገጥማልን? መልሱ «ከውጭ ይታዘዛል» ከሆነ፣ ክረምቱ ዕቃውን አይጠብቅም። ያ የኛ መኪና በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሲዝግ፣ ሜዳውን ያጨዱት ማጭድ የያዙ የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ መግለጫውን ከመጻፋችን በፊት መሬቱን በእግራችን እንዙረው። ጉቶውን እንቁጠር፤ ተዳፋቱን እንለካ፤ በመኪናው ላይ የሚቀመጠውን ነጂም እንጠይቀው። እኔ ያን ጊዜ ግማሽ ቀን ሰጥቼ የኋላውን ሜዳ ዞሬው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባላነከሰ ነበር።