ከደሙ ጋር የሚላከው ወረቀት
በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



የዘረመል የደም ምርመራ በዚህ አገር ስንት ያስከፍላል የሚለው ጥያቄ ከወገኖቻችን አዘውትሮ ይቀርብልኛል። አንድ ቁጥር ተናግሬ ብቀመጥ ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ዋጋ የለውም። ለአንድ ዓይነት ምርመራ አንዷ ምንም ሳትከፍል፣ ሌላዋ 250 ዶላር ከኪሷ አውጥታ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ኢንሹራንስ እያላት ከ1,000 ዶላር በላይ ተጠይቃ ልትወጣ ትችላለች። የሦስቱም ደም የሚመረመረው በአንድ መሣሪያ ነው። ዋጋውን የሚለያየው ከደሙ ጋር የሚላከው ወረቀት ነው፦ ሐኪሙ ያዘዘበት ምክንያት፣ የቤተሰቡ የጤና ታሪክ፣ ላቦራቶሪው ከኢንሹራንሱ ጋር ያለው ውል፣ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ አለመጠየቁ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት የጡትና የኦቫሪ ካንሰር ተጋላጭነትን የሚያሳየውን የቢአርሲኤ ምርመራ እንመልከት። እስከ 2013 ድረስ ይህን ምርመራ በአሜሪካ ገበያ ላይ የሚያቀርበው በዘረመሎቹ ላይ ፓተንት የያዘው የዩታው ኩባንያ ሚሪያድ ጄኔቲክስ ነበር፤ ዋጋውም ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር። ጁን 13 ቀን 2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ተፈጥሮ የሠራችው ዲኤንኤ የፓተንት ባለቤት ሊኖረው አይችልም ብለው ወሰኑ። ወዲያው ሌሎች ላቦራቶሪዎች ገበያውን ተቀላቀሉ። በ2015 ከለር ጄኖሚክስ የተባለ ድርጅት ቢአርሲኤን ጨምሮ 19 ዘረመሎችን በ249 ዶላር መመርመር ጀመረ። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ኢንሹራንስ ላለው ሰው ግን የዋጋው ነገር ተወሳሰበ። የነፍሰ ጡሮችን ምርመራ ልውሰድ። ከአሥረኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ ከእናቲቱ ክንድ በሚቀዳ ደም የፅንሱን የዳውን ሲንድረም ዕድል መገመት ይቻላል። የመንግሥት ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር ለዚህ ምርመራ ያወጣው ተመን ወደ 760 ዶላር ነው። እንግዲህ አንዲት እህት በጃንዋሪ መጨረሻ ደም ሰጠች እንበል። የዓመቱ ዲዳክተብሏ፣ ማለትም ኢንሹራንሷ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ የምትከፍለው፣ 3,000 ዶላር ነው፤ ዓመቱ ገና ስለጀመረ ምንም አልከፈለችበትም። ኢንሹራንሷ ምርመራውን ‘እሸፍናለሁ’ ብሎ ከላቦራቶሪው ጋር የተዋዋለበት ዋጋ 760 ዶላር ቢሆን፣ ሙሉውን የምትከፍለው እሷ ናት። ያው ላቦራቶሪ ኢንሹራንስ ለማይጠቀም ሰው 250 ዶላር አካባቢ ያስከፍል ይሆናል። ‘ይሸፈናል’ ማለት ‘ነፃ ነው’ ማለት እንዳልሆነ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቢሉ እቤታችን ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ካሽ ዋጋ ልመለስ ማለት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ክንዳችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ደሙ የሚላከው ወደ የትኛው ላቦራቶሪ ነው? ከኢንሹራንሴ ጋር ውል አለው? በካሽ ብከፍል ስንት ነው? በካሽ የከፈላችሁት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከዲዳክተብላችሁ እንደማይቀነስም አትርሱ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤን ወደሚነካው ነገር ልምጣ። በአገሪቱ ሕግ መሠረት አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች በቤተሰባቸው የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ታሪክ ላላቸውና በምዘና ለተለዩ ሴቶች የቢአርሲኤ ምክርና ምርመራ ያለ ምንም ክፍያ እንዲሰጡ ይገደዳሉ። ያንን መብት የሚከፍተው የቤተሰብ ታሪክ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው የትኛዋ ዘመድ፣ በእናት ወገን ወይስ በአባት፣ የትኛው ካንሰር፣ በስንት ዓመቷ እያለ ነው። የእኛ መልስ ‘አክስቴ ታማ አረፈች’ ይሆናል። ነቀርሳ የሚለውን ስም ከቤት ማውጣት እንደ ነውር ሲቆጠር ስለኖረ ‘ሆዷን ያማት ነበር’ ተብሎ ይታለፋል። ያ የሆድ ሕመም የኦቫሪ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል? ሐኪሙ ቅጹ ላይ ‘የቤተሰብ ታሪክ የለም’ ብሎ ይጽፋል፤ በነፃ ልታገኘው የሚገባትን ምርመራ ልጅቱ ትከፍልበታለች፣ ወይም ትተወዋለች።

እባካችሁ ወደ አገር ቤት ደውላችሁ እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን በግልጽ ጠይቁ። የአባት ወገንንም ጠይቁ፤ አባት ለካንሰር የሚያጋልጠውን ዘረመል ለሴት ልጁ የሚያስተላልፍበት ዕድል ከእናት እኩል ነው። የትውልድ ዓመት አይታወቅም ብላችሁ አትተዉት። ‘አብዮቱ ሲፈነዳ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ነበር፣ ደርግ ሳይወድቅ አረፈች’ ከተባለ፣ ሟቿ 50 ዓመት እንዳልሞላት መገመት ይቻላል። ከ50 ዓመት በፊት የሚለው ደግሞ ኢንሹራንሶች የሚፈልጉት ቁልፍ መረጃ ነው። ግምት መሆኑን ገልጻችሁ አስጽፉት።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ ከ2022 ጀምሮ የምርመራውን ዋጋ ግምት በቅድሚያ በጽሑፍ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ቢበልጥ በ120 ቀናት ውስጥ መከራከር ትችላላችሁ። ኢንሹራንስ ያላችሁና የምርመራው ክፍያ የተከለከላችሁ ለይግባኝ 180 ቀናት አላችሁ፤ እዚያም እንቢ ከተባላችሁ ጉዳዩን ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ‘ይህ ቢል አይደለም’ የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ከኢንሹራንሱ ሲመጣ ደንግጣችሁ አትክፈሉ። የላቦራቶሪውን ቢል ጠብቃችሁ ሁለቱን አስተያዩ።

‘ውጤቱ ቢታወቅ ኢንሹራንስ ይከለክሉኛል’ የሚል ፍርሃትም እሰማለሁ። በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ የጤና ኢንሹራንስም ሆነ አሠሪ በዘረመል ውጤት ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤን ግን አይነካም። የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግባት ያሰበ ሰው ይህን ከምርመራው በፊት ማመዛዘን ይገባዋል። ካንሰር እየተጠረጠረ ግን ምርመራን በዚህ ምክንያት ማዘግየት አልመክርም።

በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ የቤተሰብ የጤና ታሪክ ቅጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። ለየቤታችሁ ሁለት ሁለት ውሰዱ፤ አንዱ ለእናት ወገን፣ ሌላው ለአባት ወገን ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።